ከመፍጫው ወንፊት ጀርባ

«እናት ብትሆንማ እጇን ታጥባ ታበላት ነበር!»

እትዬ የሕፃናት ክፍሉን ደረጃ ወጥታ ሳትጨርስ የተቀበላት ይህ የእናቷ ድምፅ ነው። እናቷ ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች መሐል ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን በግራ፣ ሻርፓቸውን በቀኝ አስቀምጠው ሦስቱንም ይዘዋል። የሚያወሩት ለማያውቋት ሴት ነው፤ ልጇ ሳንባውን ታሞ ለተኛባት አንዲት አስታማሚ። ምራታቸው ደግሞ አራት እርምጃ ርቃ፣ መስኮቱ ሥር፣ የልጇን ልብስ የያዘ ፌስታል ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ትሰማለች። የሚወራውም እንድትሰማ ነው። «ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተደፍታ ትውላለች፤ ክሩን በምራቋ አርሳ በዚያው እጇ ልጅ ታበላለች። የእኔ ልጅ እንደሆነ አፍ የለውም። ይኸው የልጅ ልጄን በቆሻሻ ገደለቻት!» አስታማሚዋ ደንግጣ «ኧረ እማማ እንዲህ አይበሉ፤ ልጅቷ እኮ አለች» አለቻቸው። «አለች ይባላል?» አሉና አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከዚያ የጠረጉበትን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ጭናቸው ላይ አስተካከሉት።

እትዬን ያቺ የሻርፕ ጫፍ ቀፈፈቻት። ለምን ያን ያህል እንደቀፈፋት አላወቀችም፤ እናቷ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም። «ሻይ ይዣለሁ» አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳትለይ። እናቷ «ስኳር የለውም አይደል? ደሜን ታውቂዋለሽ» ብለው ተቀበሏት። ልብስ ሰፊዋም፣ የወንድሟ ሚስት፣ አንድ ኩባያ ተቀበለች፤ ግን አልጠጣችም። እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሁለት እጇ እንደያዘችው ቀረች።

እትዬ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አላገባችም። ከታላቅ ወንድሟ ሥጋ ቤት ሚዛኑ ጀርባ ከቆመች አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ደንበኛው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጣት ሳይቀር፣ እትዬ ነው የሚላት። ታላቅየውን ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ ይለዋል። ታናሽየው፣ የታመመችው ልጅ አባት፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ ሆኖም ዛሬ ድረስ ማሙሽ ነው። ማሙሽ የጋሼን የሥጋ መኪና ይነዳል፣ ከጋሼ ግቢ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራል፤ ሲስቅም ጋሼ መሳቁን አይቶ ነው። እትዬም ብትሆን ከእሱ አትሻልም። የሚለያዩት እሱ የሚነዳ እሷ የምትመዝን በመሆናቸው ብቻ ነው።

ከሰዓቱ ጥበት የተነሣ ነርሷ በየተራ ነበር የምታስገባው። እትዬ የፕላስቲክ ጋውን ደርባ ገባች። ክፍሉ ውስጥ አምስት አልጋዎች አሉ፤ በረኪናው የልጆቹን ሽንት፣ ሽንቱ በረኪናውን መሸፈን አቅቷቸው ሁለቱም ይሸታሉ። ሚጢ ሦስተኛው አልጋ ላይ ናት። አራት ዓመቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ወንበር ላይ ቆማ የእትዬን ፀጉር ስትጎነጉንና ስትፈታ ያረፈደች ልጅ፣ አሁን ፊቷ እንደ ሻማ ገርጥቶ፣ የዓይኖቿ ቆቦች አብጠው፣ እግሮቿ ከካልሲያቸው በላይ ተነፍተው ተኝታለች። ደረቷና ክንዷ ላይ ቁንጫ የበላት የሚመስሉ ደቃቅ ቀያይ ነጥቦች ተበትነዋል። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ የጨበጠበት ክንዷ ዙሪያውን ጠቁሯል፤ ሰው አንቆ የያዛት ነው የሚመስለው። ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ውስጥ ሁለት ማንኪያ የማይሞላ፣ ያደረ ሻይ የመሰለ ነገር አለ።

«እትዬ፣ ውሃ።»

እትዬ ብርጭቆ ፍለጋ ዞር ስትል ነርሷ ከወዲያ ማዶ «እንዳይሰጣት! በልክ ነው የምትጠጣው። የሚገባው መውጫ የለውም» አለቻት። ሚጢ አላለቀሰችም። አንደበቷ እንደከበደው ሰው «ትንሽ» አለች፤ ከዚያ ዓይኗን ከፍታ እያየች፣ የምታየውን ግን ያላወቀች መሰለች። እትዬ እጇን ልትስማት ጎንበስ ብላ መሐል ላይ ተወችው። እጇ፣ የራሷ እጅ፣ ጠዋት ታጥቦም የሥጋ ቤቱ ጠረን ያልለቀቀው እጅ፣ ከሚጢ ጣቶች አጠገብ አልጋው ላይ ሲያርፍ አይታ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሰበሰበችው።

ሐኪሟ ከክፍሉ ስትወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ጋሼም መጥቷል፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መሐል ቆሟል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ የወጋች፣ ድካም ዓይኗ ሥር ያደረ።

«በሽታው ሄሞሊቲክ ዩሬሚክ ሲንድረም ይባላል» አለች። «ስሙ ይቅርባችሁና የሆነውን ልንገራችሁ። በከብት አንጀት ውስጥ የሚኖር ጀርም አለ። ከብቱን ምንም አያደርገውም። እርዱ ላይ ሥጋውን ከነካው ግን ላዩ ላይ ይቀመጣል። ሙሉ ሥጋ ሲጠበስ ላዩ ስለሚበስል ይሞታል፤ ሲፈጭ ግን ላይ የነበረው ሁሉ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ካልበሰለ ሰው ይበላዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ደም ይመጣል። ብዙው ልጅ እዚያ ላይ ይድናል። አንዳንዱ ላይ ግን፣ ተቅማጡ ሊሻለው ነው ሲባል፣ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ቀጫጭን የደም ሥሮቹን ያቆስላል።»

«አልገባኝም» አለ ማሙሽ ቀስ ብሎ።

«የቆሰለው ቦታ ላይ ደሙ ጓጉሎ መንገዱን ያጠበዋል። ቀዩ የደም ሕዋስ በዚያ ተጋፍቶ ሲያልፍ ይቆራረጣል። በማይክሮስኮፕ አይተነዋል፤ የተሰባበረ ሸክላ ነው የሚመስለው። የገረጣችው ለዚያ ነው። ደም የሚያቆሙት ፕላትሌቶች በየቦታው መርጋት ላይ አልቀዋል፤ ነጥቦቹና ጥቁረቱ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ኩላሊቷ ላይ ነው፤ ደቃቁ ሥር ሁሉ ተደፍኖ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሽንት የለም ማለት ይቻላል። እብጠቱም፣ ግፊቷ መጨመሩም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቷም የዚያ ነው። ከሰዓት የኩላሊት እጥበት እንጀምራለን።»

«ትድናለች?»

«አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ኩላሊታቸው ቀስ በቀስ ይነቃል። አንዳንዱ ተጎድቶ ይቀራል። ዋሽቼ አላጽናናችሁም።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ተቅማጡን የሚያቆም መድኃኒት ሰጥተዋት ነበር?»

መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝተው ያመጡት፣ «ምን ዓይነት እናት ናት ልጇ ስትፈስ ዝም የምትል» ብለው በራሳቸው እጅ ኪኒኑን በማንኪያ የደቆሱት አያትየዋ ናቸው። እትዬ እዚያው ስለነበረች ታውቃለች። እናቷን አየች፤ ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ። ልብስ ሰፊዋ ከወለሉ ሳትነሣ «ሰጥቻታለሁ» አለች።

«ደም ያለው ተቅማጥ ሲሆን አይሰጥም፤ መርዙን ሆድ ውስጥ ያቆየዋል። ደሙ የታየ ዕለት መጥታ ቢሆን ግሉኮስ ሰጥተን ኩላሊቷን እናግዘው ነበር። ለማንኛውም፣ በሽታው ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት ምን በላች? የተፈጨ ሥጋ? ያልፈላ ወተት?»

«በዚያኛው ቅዳሜ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ጋሼ ቤት ምሳ ተጠርተን…»

«ሁላችንም የበላነው ነው!» አለ ጋሼ። ቁልፉ ጣቱ ላይ መሽከርከሩን አቆመ። «አሥራ አንድ ሰው በላ፤ ይኸው ቆሜ የማወራሽ። ከመንገድ የምትገዛላት አይስክሬም አለ፣ እሱን ለምን አትጠይቂያትም?»

«አዋቂ ላይነካው ይችላል። ሕፃን ነው የሚጎዳው» አለች ሐኪሟ። «ሥጋው የተገዛው ከየት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ሽቅብ አየችው። ማሙሽ ጫማውን ያያል፤ የግራውን ጫማ ማሰሪያ፣ እንደሚፈታ እንቆቅልሽ አተኩሮ ያየዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሉታል እንዲህ ያለውን። «ከገበያ ነው» አለ ጋሼ በመጨረሻ።

እትዬ ያን ቅዳሜ ታስታውሳለች። የተፈጨውን ሥጋ በእጇ እያድበለበለች፣ በመዳፏ እየጠፈጠፈች ምጣዱ ላይ የደረደረችው እሷ ናት። ላዩ ቡናማ ሲሆን ጋሼ «በቃ፣ በቃ፣ አውጪው» አለ። ልብስ ሰፊዋ የሚጢን ድርሻ በሹካ ከፍታ ውስጡ ቀይ መሆኑን አየችና «ለልጅቷ ትንሽ ይጨመርላት ይሆን?» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ። ጋሼ ሣቀ። «ሥጋ ካልደማ ሥጋ ነው? ጫማ ማኘክ ከፈለግሽ ጫማ ሠሪው ጋ ሂጂ!» ጠረጴዛው ሁሉ ተንጫጫ። እትዬም ሥቃለች። ያን ዕለት ከልቧ ነበር የሣቀችው፤ ደስ የሚል ነገር የተናገረ መስሏት።

«ሌላ ሆዱን የታመመ፣ የምታውቁት ልጅ አለ?» ሐኪሟ አሁን የምታየው እትዬን ነው።

ነበር። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከሥጋ ቤቱ ሁለት በር አልፋ ልብስ የምታጥብና የምትተኩስ ጎረቤታቸው መጥታ፣ የስድስት ዓመት ልጇ ከትናንት ጀምሮ ደም እንደሚያስቀምጠው ተናግራ ነበር። «የበላው ከእናንተ የገዛሁትን የተፈጨ ነው፤ ሌላ ምንም አልበላም» ነበር ያለችው። ጋሼ በትከሻዋ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። «እኛና አንቺ ጎረቤት ነን፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ነገር የሚያልቀው» ብሎ ሁለት ኪሎ ፍሬ ሥጋ እንዲጠቀለልላት አዘዘ። የጠቀለለችው እትዬ ናት። ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ደወለች፦ «እትዬ፣ ሚጢ ያስቀመጣት ነገር ደም አለበት፤ ሐኪም ቤት ልውሰዳት?» እትዬ ጋሼን አየች። ጋሼ ቢላዋውን እየሳለ፣ ቀና ሳይል፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «የወቅቱ ነው፤ ልጆቹን ሁሉ ይዟቸዋል» አለቻት። «ሩዝ ቀቅለሽ ስጫት።»

«የለም» አለች እትዬ ለሐኪሟ። «እኔ የማውቀው የለም።»

ጋሼ «ሥራ አለን» ብሎ በመኪናው ይዟት ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመው፦ «ጤና ቢሮ ይልኩ ይሆናል። ዛሬ መፍጫውን እንከፍተዋለን።»

ሥጋ ቤቱ ከፊት ሲታይ ያምራል። ነጭ ሸክላ እስከ ትከሻ፣ በየቀኑ የሚወለወል መስታወት፣ ዝንብ የሚያቃጥለው ሰማያዊ መብራት፣ ጋሼ በራሱ ጽሕፈት ዋጋ የሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ። ከሰሌዳው ግርጌ ላይ የተፈጨው አለ፣ ከሁሉ ርካሹ፤ ከታፋው የተረፈ፣ ከጎድኑ የተላጠ፣ ትናንት ያልተሸጠ፣ ልብ ብሎ የሚያየው የሌለ ሥጋ ሁሉ በእሱ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። ልጅ ያለው፣ ጥርስ የሌለው፣ አቅም ያነሰው የሚገዛው እሱን ነው። መፍጫው ያለው ከመጋረጃው ወዲያ ነው። አፉ ላይ ወንፊቱንና ቢላዋውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ከአምስት ሳምንት በፊት ተጣብቆ አልፈታ አለ። እትዬ ነግራዋለች። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። «ይሠራ የለም እንዴ? የሚሠራ ነገር አትነካኪ» ነበር መልሱ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚታጠበው ሱቁ ሲዘጋ በላይኛው አፉ የሞቀ ውሃ በማፍሰስ ነበር። ውሃው በወንፊቱ ቀዳዳዎች ሮዝ ሆኖ ይወርዳል፣ እየቆየ ነጭ ይሆናል፤ ነጭ ሲሆን ጸድቷል ይባላል።

ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ ረጅም የብረት ቱቦ በመፍቻው እጀታ ላይ አጠለቀና ክብደቱን ጣለበት። ብረቱ ጮኸ። ሁለተኛ ሲጥልበት ቀለበቱ ዞረ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ሳምንት እምቢ ያለ ነገር፣ ጋሼ ለራሱ ሲፈራ፣ በአሥር ደቂቃ ተፈታ።

ወንፊቱን ሲያነሡት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ሥጋ ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የኖረች ሴት የበሰበሰ ሥጋ ታውቃለች፤ ይህ ግን ሌላ ነበር፤ ጣፋጭ ነገር አለበት፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ። ከወንፊቱ ጀርባ፣ ቢላዋው ከሚሽከረከርበት ጥግ ጥግ፣ ግራጫ የሆነ፣ ቦታ ቦታ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ፣ እንደ ቀለጠ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ ነገር ተለጥፏል። ጅማቱ የቢላዋው ክንፎች ላይ ከመታጠቢያ ቤት ጉድጓድ እንደሚወጣ ፀጉር ተጠምጥሟል። የሞቀው ውሃ ያበሰለው ቢኖር ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ እሱም ልክ እንደዚያ ቅዳሜ ምሳ፣ ውስጡን ጥሬ ትቶታል። እትዬ ውስጡን አየችው። አምስት ሳምንት በዚህ ላይ ያለፈውን እያንዳንዱን ኪሎ በእጇ መዝናለች፣ በወረቀት ጠቅላለች፣ «ይባርክላችሁ» ብላ ሰጥታለች።

ጋሼ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። «ቶሎ በይ፣ በረኪና አፍስሽበት። ፍቀሽ ፍቀሽ አውጪውና ቱቦው ውስጥ ውሃ ልቀቂበት፤ ምንም እንዳይቀር።»

«ጋሼ» አለች። «ሚጢ የበላችው ይሄን ነው።»

«ምን እንደበላች የሚያውቅ የለም።»

«እኔ ነኝ የጠፈጠፍኩት። እኔ አውቃለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀላት ነበር። «ስሚ» አለ፣ እንደ ሕፃን እያባበላት። «ልጅቷ ብትናገሪም ባትናገሪም ሐኪም እጅ ናት። ይህ ቤት ከተዘጋ ግን ማሙሽ ምን ሊነዳ ነው? እማዬን ማን ሊያሳክማቸው ነው? አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ የት ልትቆሚ ነው? አፍሽን ያዥ። ለልጅቷም የሚበጀው ይሄ ነው።» ከዚያ የፊቱ በር ደወል ጮኸና መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

እትዬ ድምፁ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሲቀየር ሰማችው። «እንዴት አደርሽ የእኔ እመቤት! የተፈጨ? ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ብትመጪ፤ ማሽኑን እያጠብነው ነው፤ እኛ ቤት እንግዲህ በንጽሕና ቀልድ የለም።»

«ይሁን እመለሳለሁ፤ ለልጆቹ ነበር» አለች ሴትየዋ።

«ለልጆቹማ ምርጡን ነዋ የምፈጭልሽ!»

እትዬ የጓሮውን በር ከፍታ ወጣችና ግድግዳው ላይ ተደግፋ አስመለሳት። ጠዋት ከጠጣችው ሻይ በቀር የወጣ ነገር የለም። አፏን በሽርጧ ልትጠርግ አንሥታ፣ ሽርጧን አየችውና ተወችው። ተመልሳ ገባች። ወንፊቱንና ቢላዋውን የተጣበቀባቸው እንዳለ፣ ጣቷን ሳታስነካ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ቋጠረች። በረኪናው ክዳኑ እንደተከፈተ ወለሉ ላይ ቀረ። ሽርጧን ሳትፈታ በጓሮው በር ወጥታ ታክሲ ተሳፈረች።

ታክሲው ውስጥ ሁለት ፌርማታ ሳይሄዱ ሰው አፍንጫውን መያዝ ጀመረ። «ኧረ መስኮት ክፈቱ፣ የሞተ ነገር አለ!» አለች አንዲት ሴት። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ፌስታሉን አይተው፣ ሽርጧን አይተው «ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አሏት። «ሥጋ ነው አባባ።» «ሥጋ እንዲህ አይሸትም።» «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሸተው» አለች። ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት ቆመና «እትዬ፣ እባክሽ በእግርሽ ሂጂ፤ የከፈልሽውን ውሰጂ» አላት። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ግን ሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላም ሰው በመሽተቱ አንዳች ነገር ቀለል አላት።

ሐኪሟን ነርሶቹ ቢሮ አገኘቻትና ፌስታሉን በሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ሥጋው የእኛ ሥጋ ቤት ነው» አለች። «ጠዋት ዋሽቻለሁ። ሌላ የታመመ ልጅም አለ፤ ቤቱን አሳያለሁ።» ሐኪሟ ፌስታሉን አላስከፈተቻትም። በእግሯ እንኳ እንዳትነካው ዞራ አልፋ ስልክ አነሣች። ለጤና ቢሮው የሥጋ ቤቱን አድራሻ፣ የልብስ አጣቢዋን ልጅ ዕድሜ፣ የቅዳሜውን ምሳ አንድ በአንድ እየጠየቀቻት ነገረቻቸው። አላመሰገነቻትም፤ አልወቀሰቻትም። ስልኩን ስትዘጋ «ሚጢ የእጥበት ማሽኑ ላይ ናት። ቤተሰቦቿ ውጪ ናቸው፤ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ጠዋት በተቀመጡበት ተቀምጠዋል። አስታማሚዋ ብቻ የለችም። እትዬ ከሦስቱም ፊት ቆመችና ተናገረች፤ ስለ ቀለበቱ፣ ከወንፊቱ ጀርባ ስላየችው፣ ጎረቤትየዋ ሐሙስ ጠዋት መጥታ ስለተናገረችው፣ ሁለት ኪሎ ፍሬ ሥጋ ስለጠቀለለችው። መናገር ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። ኪኒኑን ማን እንዳመጣውም ተናገረች።

እናቷ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ወጪት ሰባሪ!» አሉ። «የወንድምሽን ቤት፣ የበላሽበትን! ልጅቷ እንደሆነች በሐኪም እጅ ናት፤ ምን ልትጨምሪላት ነው እንዲህ የምታደርጊው?» ጋሼ መፍጫው አጠገብ የተናገራቸው ቃላት በእናቷ አፍ ሲመጡ፣ እትዬ እነሱ ቀድመው መነጋገራቸውን ያን ጊዜ አወቀች። እናቷ ያውቁ ነበር። ጠዋት ስለ ምራቅና ስለ ክር ለማያውቋት ሴት ሲያወሩ፣ ያውቁ ነበር።

ማሙሽ እጁን ኪሱ ከተተ። የሥጋ መኪናውን ቁልፍ አውጥቶ እናቱ የለቀቁት ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄዶ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ፈቀቅ አላለችለትም፤ አላየችውምም። የምታየው እትዬን ነበር።

እትዬ ምን እንደጠበቀች ለራሷም ለመናዘዝ ታፍር ነበር፤ ግን ጠብቃለች። ለቅሶ፣ ምናልባት ማቀፍ፣ «አንቺ ብቻ ሰው ነሽ» የሚል አንድ ቃል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ዛሬ ነው መፍጫውን…»

«መፍጫውን አይደለም። ሥጋው ልጅ እንዳሳመመ መቼ አወቅሽ?»

«ሐሙስ።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት።»

«እኔ የደወልኩልሽ ከምሳ በኋላ ነው።» ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ድምፅዋ አልጨመረም። «ሐሙስ ሚጢ ሽንቷን ትሸና ነበር፣ እትዬ። እስከ እሑድ ትሸና ነበር።»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ወለል እየወለወለ ነበር። ከፊቷ ያለችው ሴት ስድብ ብትሰድባት፣ ብትመታት፣ እትዬ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅር በይኝ ትላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ፊቷን ወደ ክፍሉ በር መለሰችና ማሽኑ የሚያሰማውን ድምፅ ማዳመጥ ቀጠለች።

ሥጋ ቤቱ በማግስቱ ታሸገ። ጋሼ ጉዳዩን ለጠበቃ ሰጠ፤ ማሽኑን የማጠብ ኃላፊነት የእህቱ ነበር ብሎ በጽሑፍ አስገባ፣ እናቱም ምስክር ሆኑለት። የጎረቤትየዋ ልጅ ከተቅማጡ ሳያልፍ ዳነ። ሚጢ ሦስት ጊዜ ደም ተሰጣት፣ አንድ ቀን ጠዋት ተንቀጥቅጣ መላ ክፍሉ ተሯሯጠላት፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ ዳይፐሯ ርሶ ተገኘ። ነርሶቹ እልል አሉ። የሚጢ እናት እየደወለች ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ አበሠረች፤ እትዬ ግን የሰማችው በሦስተኛው ቀን፣ ከሆስፒታሉ በር ጠባቂ ነው።

ልጅቷ ቤቷ ከገባች ከወር በኋላ እትዬ ልትጠይቃት ሄደች። ማሙሽ የወንድሙን ግቢ ለቆ ሌላ ሠፈር አንድ ክፍል ተከራይቷል፤ ለሌላ ሰው ሲሚንቶ ያመላልሳል። እትዬ የምትወስደውን ነገር ስትመርጥ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። በመጨረሻ ብርቱካን ገዛች፤ የሚላጥ ነገር ነው፣ የሰው እጅ ውስጡን አይነካውም ብላ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተችላት። «ግቢ እትዬ፣ ተቀመጪ» አለቻት። ፌስታሉንም ተቀበለቻት፤ «ለምን ትቸገሪያለሽ» አለቻት እንደ ደንቡ፤ ይዛውም ወጣ ብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሚጢ ቀጥናለች፤ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ በየወሩ ኩላሊቷ ይታያል። እትዬን ስታይ ግን ሮጣ መጥታ ወንበሩ ላይ ቆመችና ፀጉሯን መፍታት ጀመረች። እናትየዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና፣ መርፌውን እያስኬደች፣ የልጇን እጆች በዓይኗ ትከተላለች። ስለ አየሩ ተነጋገሩ። ስለ ቤት ኪራይ ተነጋገሩ።

እትዬ «እስቲ ልሂድ» ስትል «ምነው ቆይተሽ» የሚላት አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ እስከ በሩ ሸኘቻት፣ በጨዋ ደንብ፣ ሁለት እጇን አጣምራ። ግቢው በር አጠገብ የተከራዮች ሁሉ የጋራ ቆሻሻ በርሜል አለ። ብርቱካኖቹ ከነፌስታላቸው፣ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ በርሜሉ ውስጥ ከድንች ልጣጭ በላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ፌስታሉን ይዛ ስትወጣ፣ እትዬ ወደ ማድቤት የምትሄድ መስሏት ነበር።

እትዬ ቆም ብላ አየቻቸው። አልተቀየመችም። ዝንብ ስታርፍባቸው አይታ፣ ፌስታሉን በጣቷ ጫፍ ወደ ታች ገፋ አድርጋ፣ የበርሜሉን ክዳን አንሥታ ገጠመችበት።